ሦስት ብይ

የብስኩት ጣሳ ነው፤ ክዳኑ ላይ ወታደር፣
ጠጉራም ቆብ የደፋ፣ ቆሞ የሚያድር።
እኛ ነን የሾምነው፣ ደሞዝ ሳንቆርጥለት፣
ከስኳሩ ጀርባ ዘብ እንዲቆምለት
ለሦስታችን ዜግነት።

ሚስቴ ሊዋይዋይ ናት። በአገራችን ቋንቋ ስሟ
ትርጉሙ «ጎህ» ነው፤ ሌሊት ነው ግን ዓለሟ።
በአረጋውያን ቤት፣ ከሃል ከተማ ዳር፣
የሰው እናት አጥባ፣ የሰው አባት ስታሳድር፣
ጎህ ሲቀድ ትገባለች ጫማዋን አውልቃ፣
ልጅ እንዳይነቃባት፣ እንደ ሌባ ተጠንቅቃ።

እኔ ዓሣ እበልታለሁ፣ በረዶ ላይ ቆሜ፤
ማታ ነው ጣቶቼን የማገኛቸው፣ ከጓንቴ ለቅሜ።
ጥርሴን ሲያመኝ ነቀልኩት፤ ማስሞላቱ ውድ ነው።
የእናቴን ጣሪያ፣ ሳማር ደሴት ያለው፣
ማዕበል ገነጠለው ብላ በስልክ ስትነግረኝ፣
«ቆይ እናቴ» አልኳት፤ «ቆይ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»
ሰማይ እያየች ተኛች። ጣሳችን ግን ከበደ፣
ፓውንድ በፓውንድ ላይ እየተወለደ።

ከዚያ ኤፕሪል ይመጣል።
አበባው አይደለም፣ ማስታወቂያው ነው የሚቀድመው፤
«የማመልከቻ ክፍያ ተሻሽሏል» ነው የሚለው።
ተሻሽሏል! ምን ያለ ቃል ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ፤
የሚሻለው በሽተኛ ነው፤ ዋጋው ታሞ ነበር ወይ? ልጠይቃችሁ።
አሥር እርከን ስንወጣ፣ ከላይ አሥራ አንደኛ ይቀጥላሉ፤
«ደርሳችኋል፣ በርቱ» ይላሉ።
አምና መቶ ሃያ ጎደለን፤ ሞላነው በስንት ልፋት፤
ዘንድሮ ሁለት መቶ ጎደለን። መሙላታችን ነው ጥፋት?

ልጃችን ታላ እዚሁ ተወለደች፣ እዚሁ ሃል ሆስፒታል፤
አነጋገሯ ቁርጥ የዓሣ ነጋዴውን ይመስላል።
በእኛ እንግሊዝኛ ትስቃለች። የክፍሏ ልጆች ሁሉ
ፈረንሳይን ሊያዩ በመርከብ ሲሻገሩ፣ ሲዘሉ፣
እሷ ቤት ቀረች። ፓስፖርት የላትማ።
የተወለደችበትን ለመሆን ገና አልከፈለችማ።

ያን ሰሞን ነው፣ ቅዳሜ፣ ከደረጃው ሥር ብወርድ፣
ቢሮ ከፍታ አገኘኋት፣ ካርቶን ገልብጣ ለገበታ፣
ማኅተም ከድንች ቀርጻ፣ ቀለሙን ጣቷ ላይ ቀብታ።
የጎረቤት ልጆች ተሰልፈዋል፣ ብይ ይዘው በእጃቸው፤
ፓስፖርት ትሰጣለች፣ ባለቆቡ ዘብ የተሣለባቸው።

ተሰለፍኩ፣ ለቀልድ። ተራዬ ሲደርስ፣
«ሦስት ብይ» አለችኝ፣ ዐይኗን ከወረቀት ሳትመልስ።
«ትናንት ለኩርዱ ልጅ፣ ለሬባዝ፣ በሁለት ሰጥተሽ የለም እንዴ?
ምን ተገኘ ዛሬ፣ ልጄ?»

«ኤፕሪል ገባ።»

ፊቷ ላይ ሳቅ ፈለግኩ። የለም።
መስኮት የሚዘጋ ሰው ፊት ነው፤ አይቆጣም፣ አያዝንም።
ኪሴን ዳበስኩ፤ ሁለት ብይ፣ አንድ የዓሣ ቅርፊት።
«ቅርፊት አንቀበልም» አለች፣ አሻግራ እያየች ወደ ፊት፤
«የሚቀጥለው!»

በዚያው ምሽት፣ ሊዋይዋይ ሥራ ሳትገባ፣ ጣሳውን ገለበጥነው፤
ለሦስት የማይበቃውን፣ ለአንድ ብለን ቆጠርነው።
በታላ ስም ሞላን ቅጹን። እኛ፣ ያው፣ እንቆያለን፤
ቆይ ማለት ለምደናል፣ ለእናትም ብለናል።
ወታደሩ ባዶ ጣሳ ይጠብቃል አሁንም።
እኔም አንድ ብይ አለብኝ፤
እስከ ዛሬ አልከፈልኩም።