ቀድሞ ደራሾች

እሑድ በማለዳ፣ ትሪስታን ናርባሃ፣
ገበያው ሳይደራ፣ ሳይደርቅ የሌት ውሃ፣
ኤልቢዮ ይመጣል በኪሱ ጨርቅ ይዞ፣
ከሸራ ላይ ሊለቅም የሌሎችን ጉዞ።

ከሹካው መካከል፣ ከበሩ እጀታ፣
ከሙት ሰው መነጽር፣ ከሙሽራ ስጦታ፣
አንዲት ሚዳቋ አለች፣ ለመዝለል የቃጣች፣
ኒኬሏ ተልጦ ነሐሷን ያወጣች።
«ዋጋዋስ?» «ተናገር።» ሁለቱም ዝም፣ ዝም።
«አንድ ጆሮዋ የታለ?» «እሱን እኔ አልሸጥም፤
ንፋስ ወስዶት ይሆናል፣ ሂድና ጠይቀው።»
ሳይከራከር ከፈለ፤ ሻጩን አስደነቀው።

ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሠላሳ አንድ አሉ፤
ፊታቸው ወደ መንገድ፣ ሁሌ እንደተሳሉ፦
አውራ ዶሮ፣ ቀስተኛ፣ የመስታወት ዓሣ፣
ፀጉሯ ወደ ኋላ የሚበር አንዲት ሴት፣
አንዱን ንስር ነው ይላል፤ ለኔ ግን ዳክዬ ናት።
ኔሊዳ ደግሞ ሁልጊዜ፦ «ጉድ ነው የኔ ጌታ፣
አንድ ጎማ የለን፣ የአፍንጫ ጋጋታ!»

አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው እሱ፤
አፍንጫ አልነበረውም፣ ድፍጥጥ ነበር አውቶቡሱ።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦
«ከሹፌሩ በፊት፣ ከባለቤቱ በፊት፣
የትም ቀድሞ የደረሰው ይሄ ኮፈን ላይ ያለው ነው።
ሠርግ ሲኬድ ቀድሞ፣ ለቅሶ ሲኬድ ቀድሞ፣
ግንብ ሲገጩ ደግሞ
ከሁሉ አስቀድሞ።
ግን ዞር ብሎ፣ ማንን እንዳመጣ አላየም።»

የሚዳቋዋ አንገት አንድ ቦታ ላይ ሟሙቷል፣
እንደ አሮጌ ሳሙና።
ንፋስ እንዲህ አይበላም።
አንድ ሰው ነው፣ በየማለዳው፣ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት፣
በአውራ ጣቱ «እንሂድ» ያላት።
ኤልቢዮ ጨርቁን አወጣ፣ ሊወለውል አለና
መልሶ ከተተው።
«የሰውዬውን ጣት አላጠፋም።»

በነሐሴ አንድ ሌሊት ፓምፔሮ ተነሣ፣
ከወንዙ ማዶ መጥቶ እንደ በሬ አገሣ፤
መስኮቱን በረገደው፣ መጋረጃው በረረ፤
«ዝጋው!» አለች ኔሊዳ፤ ሄደና ቆሞ ቀረ።
ሠላሳ ሁለት ፊት ንፋሱን ገጥሟል፤
የሴትዮዋ ፀጉር ዛሬ ምክንያት አግኝቷል፤
ሚዳቋዋም በቀራት ጆሮ እያዳመጠች፣
ሳንቃውን ረግጣ ልትዘል ነው፣ ተወጠረች።

«ቆይ» አለ፣ በባዶ እግሩ፣ «ትንሽ ይሂዱበት።»

ኔሊዳ ተነጫነጨች።
ብርድ ልብስ ደረበች።
ኋላም ወንበር ጎትታ፣
ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከጎኑ ተሳፈረች።