ስንት ናችሁ?

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ መስኮት ቁጥር ሰባት፣
ማኅተም ያዡ የለም፤ «ሰኞ ነይ» አሉኝ፣ አልጠየቅሁም ምክንያት።
እንዲህ ሆነና ነገሩ፣ ከጎባ ድረስ የመጣሁ፣
የሁለት ቀን ባለጸጋ ሆኜ ፒያሳ ላይ ቀረሁ።
ዘመድ አለኝ ኮተቤ። አልደወልኩም። ለምን?
እንጃ።
ማንም ሳይጠብቀኝ መዋል አምሮኝ ይሆን?

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ መስቀል አደባባይ፣
ሲሮጥ የሚያነጋ ሰው፣ የትም ሳይደርስ፣ ደረጃው ላይ።
እኔም በቢሮ ጫማዬ
አንዱን ደረጃ ይዤ ዱብ ዱብ አልኩኝ ቀስ ብዬ።
አንድ ሽማግሌ፣ ቱታው የተጣፈ፣
«አይዞሽ፣ ትንፋሽሽን ቁጠሪው» ብሎኝ አለፈ።
ቆጠርኩት። ሠላሳ ላይ ጠፋብኝ፤
ከሠላሳ በላይ ያለው ለካ ሳል ነው፣ አጣደፈኝ።
ይህን የሳነቴ ሰዎች አይስሙብኝ።

ከዚያ ፍልውሃ ወረድኩ። ትኬት የምትቆርጠው
«ስንት ናችሁ?» አለችኝ፣ ትከሻዬን አልፋ ባዶውን እያየችው።
«አንድ ነኝ።»
«አንድ?»
«አንድ።»
ጻፈችው፤
እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ራስ የሌለው።

ውሃው ግን አልጠየቀኝም። ከምድር ሆድ የፈላ፣
ጉልበቴን ዋጠ፣ ወገቤን፤ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሞላ፤
ፊቴን እዚያ ስፈልገው አጣሁትና ደስ አለኝ።
ከግድግዳው ማዶ አንዲት እናት ልጇን
«ሳሙና እንዳይገባብሽ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» ስትል
እኔም እሺ ብዬ ጨፈንኩኝ።

ቀትር ላይ ዘነበች ደወለች። «ከማን ጋር ነሽ?»
«ከማንም።»
«ውይ ልኬለሽ! ብቻሽን? ምሳስ የት በላሽ?»
ለገሃር ጀርባ አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ፣
ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ ይዤ፣
ሦስቱን በቦርሳ፣ በጃንጥላ፣ በሹራብ ሞልቼ
ተቀምጫለሁ። አስተናጋጁ፦ «ሰው ይመጣል፣ እንጠብቅ?»
«አይመጣም» ስለው አዘነ፤ እኔ ልስቅ፣ እሱ ሊጨነቅ።
ሽሮ አዘዝኩኝ፤
ያላዘዝኩትን ቃሪያ በትርፍ ጨምሮ አመጣልኝ።
ይሁን ኀዘን፣ ይሁን ቸርነት፣ ቃሪያው ግን አቃጥሎኛል፤
እንባዬን ሲያይማ፣ አንድ ሰው እንደቀረብኝ አምኗል።

ሰፊ ነው ይሉታል ይህን ከተማ።
በእግርሽ፣ ብቻሽን፣ ማንንም ሳትጠብቂ ስትሄጂበትማ
ጠቦ ጠቦ
የአንድ ቀን ስፌት ያህላል፣ ጭን ላይ የሚያርፍ ተሰብስቦ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ፣
ልጆች ፒንፖንግ ይጫወታሉ። መረባቸው ጣውላ ነው።
አንዱ እናቱ ጠርታው ሄዷል።
«እትዬ፣ ትችያለሽ? አንድ ሰው ጎድሎናል።»
ጎድሎናል!
ቦርሳዬን ግንቡ ላይ ጥዬ ገባሁ።
በአሥራ አንድ ለሁለት ተሸነፍኩ፤
ሁለቱንም ኳሷ የጠረጴዛውን ስንጥቅ መትታ ነው ያገኘሁ።

ስመለስ ዳገቱ ላይ፣ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ፣
አንድ ልጅ ተቀምጧል የሰው ሚዛን ይዞ፤
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ጥጉ በፕላስተር የታሸገ።
ወጣሁ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፦
«ቦርሳውን ለእኔ ስጪኝ። ጃንጥላውንም።
ብቻሽን ካልቆምሽበት በትክክል አይናገርም።»

ሰጠሁት። ሰነዴ፣ ገንዘቤ፣ የመመለሻ ትኬቴ
ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ እኔ ባዶ እጄን፣ በእግሬ በሹራቤ፣
መርፌው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣
እንደሚፈልግ ሰው ተንቀጠቀጠ፣
ስድሳ አንድ ላይ ቆመ።
«ስንት ነሽ?» አለኝ፣ ከታች ሊያይ አልቻለም።
ነገርኩት።
ወረድኩ። ጫማዬን አጠለቅሁ። ከዚያ አውልቄ እንደገና ወጣሁ፤
ያው ነው። የሁለት ጊዜ ከፈልኩ።