አሥራ ዘጠኝ

ሐምሌ ላይ ጅማ አይዘንብም፤ ዝናቡ ተከራይ ነው፣ ይኖራል፤
ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ያድራል።
ጠዋት መሰላል አቁሜ አሸንዳውን ስጠርገው፣
ቅጠል፣ ላባ፣ ነጠላ ካልሲ፤ እግዜር ይወቅ ማን እንደሰቀለው።
ከሥር ሁለቱ ውሾች ቆመዋል መሰላሉን ከበው፣
የማወርደው ሁሉ የሚበላ መስሏቸው።

አሮጌው ሻምበል ነው፤ አንድ ጆሮ የለውም፤
ጅብ በላው ይባላል፤ እሱ ግን አይናገርም።
ወጣቱን "ማንአለብኝ" አልነው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ መልአኩ ያን ቀን ተሳስቷል፤
ነጎድጓድ ሲመጣ ማንአለብኝ አልጋዬ ሥር ይገባል።

አቮካዶው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቆርቆሮውን ይመታል፤
ዱብ!
ሻምበል አይነቃም። ማንአለብኝ ግን ይወጣል፤
ጨለማ ይፈራል፣ ሆዱ ግን ከፍርሃቱ ይበልጣል።
ሲነጋ ግቢው ሙሉ ተልሶ የነጻ ፍሬ፤
ወገቤን ይዤ እለቅማለሁ፣ ለገዛ ውሾቼ አድሬ።

ጉሬዞቹ አራት ናቸው፤ ዋንዛው ጫፍ ላይ ተደርድረው፣
ነጭ ካባቸውን ቁልቁል ለቀው፣
ለቅሶ ቤት እንደመጡ ሽማግሎች ዝም ብለው፣
ሣር ሳጭድ ያዩኛል።
አንድም ቀን "አይዞሽ" አላሉኝም።
ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ ትልቅ ወፍም አለ፤
ሲበር ክንፉ እንደ ወፍጮ ቤት ቺንጋ ያፏጫል።
የጎረቤቴ ልጅ ነኢማ ስሙን ጠየቀችኝ።
"ጎረቤት" አልኳት።

በዚያ ሰሞን ጎደሬዬን አንዱ በሌሊት ይቆፍራል።
"ከርከሮ ነው" ይላሉ አባ ሜጫ፣ የነኢማ አባት።
"ፍየልዎ ነው" እላለሁ እኔ።
እንዲህ ተባብለን አጥሩን አብረን እንጠግናለን።

ቅዳሜ ሌሊት፣ መብራት ሄዶ፣ ዝናቡ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣
ጩኸት ሰማሁ፤ የጅብ ያልሆነ፣ የሰው የማይመስል፣ ቀልብ የሚሰልብ።
ባትሪ ይዤ ሮጥኩ፤ ከጎደሬው መደብ ማንአለብኝ ቆሟል፤
አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ አገጩ፣ የልብስ ሰፊ መርፌ መሰኪያ መስሏል።
ከአጥሩ ማዶ ጃርቱ ሳይቸኩል፣ ወደ ጅሬን ዳገት፣
እሾሁን እያንኳኳ ይሄዳል፣
ቁልፍ እንደበዛበት የመጋዘን ዘበኛ።

አባ ሜጫ ፋኖስ ይዘው መጡ፤ ፒንሳም ይዘው።
ውሻ አይነኩም። ሠላሳ ዓመት ስንጎራበት፣
ሻምበል ሲጠጋቸው ልብሳቸውን ሰብስበው
በጭቃው በኩል ዞረው የሚያልፉ ሰው ናቸው፤
እኔም አልተቀየምኩ፣ እሳቸውም አልሰበኩኝ።
ፋኖሱን ከፍ አድርገው፣ ከሩቅ፣ "ቀስ... ከሥሩ ያዢው" ይላሉ።
አንድ። ሁለት።
ሦስተኛው ላይ አመለጠኝ፤ ጭቃው ላይ ወደቅን፣ እኔም እሱም።

ያኔ አባ ሜጫ ፋኖሱን በርሜሉ ላይ አኖሩ፤
እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፤
"ያ ረቢ" ብለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤
የማንአለብኝን አንገት በሁለት እጃቸው ያዙ።
"ንቀይ።"

አሥራ ዘጠኝ ነቀልኩ። ሃያኛው ተሰበረ፣ ውስጥ ቀረ።
በየመሀሉ ውሻው እጃቸውን ይልሳል፤
ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እጃቸውን ግን አላነሱም።
ሻምበል በረንዳ ላይ ተጋድሞ ያየናል፤
አላዛጋም ብል ውሸት ነው።

ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ ሰባት ጊዜ ታጠቡ፣ አንዱን በአፈር።
እኔ ቆጠርኩላቸው።
አዛን ሊል ጥቂት ነበር የቀረው።

በማግስቱ ነኢማ መጣች፦ "እሾሁን አትጣይው፣
ፀጉሬን ስሠራ እከፍልበታለሁ።" ሦስት መርጣ ወሰደች።
ቀዳዳውን በብሳና እንጨት ደፈንኩት፤
ጃርቱ በአባ ሜጫ በኩል ከፈተ።
"ፍየል አይደለም እንግዲህ" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ተሰብሮ የቀረው እሾህ የማንአለብኝን ከንፈር ወደ ላይ ሰቅሎታል፤
አሁን ላየው ሰው በመንደሩ የሚያሾፍ ይመስላል።
ስሙ ዘግይቶ ፊቱ ላይ ደረሰ።

ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣
ዱብ!
ይነሳል። በሩ ድረስ ይሄዳል።
ቆሞ ያስባል።