መቼ ይከፍላል?

አዳማ ላይ ነው ሱቄ፤ ከጅቡቲ መንገድ ዳር፣
ሲኖው ከነተሳቢው፣ ተደርድሮ ሲያድር።
የፍሬን ሸራ፣ ባሊስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣
ስሸጥ ነው የምውለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ዘንድሮ በቆጠራ፣ ሰኔ ሠላሳ ለት፣
አርባ ሦስት ኩሽኔታ፣ ጠፋ የገባበት።
ደብተሩ «አለ» ይላል፤ መደርደሪያው «የለም»፤
ጋሽ ሁንዴን አልጠረጥር፤ በእጁ አይታማም።
ልጄ ለሊሴ ጮኸች፤ «አሁንስ በቃ፣ እማ!
በሶፍትዌር ነው የሚነግደው፣ ሸገር ቀርቶ አዳማ።»

መጀመሪያ የመጣው፣ ናሆም ነው፣ ከሸገር፤
ጫማው ፊት ያሳያል፤ ቃል አያልቅበት ሲናገር።
«ያለቀለት ነው፣ እትዬ፤ ነገውኑ ይጫናል፤
ሦስት መቶ ሱቅ ይዞታል፤ ሰኞ ይሸጡበታል፤
ክፍያው በየወሩ ነው፤ ሳይታወቅዎ ያልቃል።»

ከፈተው። ውብ ነው፣ አልዋሽም። ዓይነት ሲሉት፣ ብዛት፣
ቫቱን ሳይቀር ይደምራል፣ ዓይን በማይደርስበት ፍጥነት።
«ዱቤ» ስለው ግን አንዲት ሳጥን፣ ቀይ ለብሳ ብቅ አለች፤
«መቼ ይከፍላል?» ብላ፣ ቀን ካልሰጡኝ ብላ ገገመች።

የዘይኑን ልሙላ አልኩ። ዘይኑ መቼ ይከፍላል?
ጭነቱን ሲያራግፍ ነዋ! መቼ? ወደቡ ያውቃል።
ሚሌ ላይ ኬላው ሲለቀው፣
የአዋሽ ሐሩር ጎማውን፣ ሳይበላበት ሲያሳልፈው።
ናሆም ሳቀ። «ሠላሳ ቀን፣ ብለው ይሙሉት ዝም ብለው፤
ካለፈ መልእክት ይልካል፤ ራሱ ነው የሚያስፈራራው።»

ሁለተኛው ኦብሳ ነው፤ የሠፈር ልጅ፣ ትምህርቱን እዚሁ የጨረሰ፤
የያዘው ነገር አልነበረም፤ ባዶ እጁን ነው የደረሰ።
የዘይት በርሜል ገልብጦ፣ ተቀምጦ ሦስት ቀን አየን፤
«ይሄስ ምንድን ነው?» እያለ፣ በጥያቄ አደከመን።
«ለምን እዚህ ጋ ክብ? እዚህ ደግሞ ጭረት?»
«ክቡ ግማሹን ከፍሏል። ጭረቱ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ያለ ለት።»
«ይቺስ? ቁጥር የላትም፤ ስም ብቻ፤ ታጥፏል ገጹ።»
ጋሽ ሁንዴ መነጽሩን አወለቀ፤ ዝቅ አለ ድምጹ።

«ጉተማ ነው። አምና፣ መተሃራን ሳያልፍ፣ ሌሊት፣ ቀረ።
አሥራ አራት ሺህ ነበረበት።
እትዬ ዘነቡ ‹እጠፈው› አሉኝ።
‹ሰርዘው› አላሉም። አጠፍኩት።»

እኔ ማለቴን ረስቼው ነበር።

ኦብሳ ወረቀቱ ላይ፣ «ማጠፍ» ብሎ ጻፈ፤
ሌላ አልጠየቀም ያን ቀን፤ በርሜሉን መልሶ ደገፈ።
ማግስቱን ግን ዋጋ ነገረን፤ ስድስት ወርም ፈለገ።
ለሊሴ ብው አለች፦ «ስድስት ወር! ይሄ ልጅ ነገ፣
ባንክ ቢቀጥረውስ? ማን ያድሰዋል ሲበላሽ?
ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ግንበኛ፣ ቆመሽ ታለቅሻለሽ!»

እውነቷን ነው። ማታ ቁምሳጥኔን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ።
ከቦንዳ የገዛሁት ኮት፣ እጅጌው ረዝሞ፣ ጠቅልዬ ስንት ዓመት ለበስኩ።
በልኬ ያሰፋሁት ቀሚስ ደግሞ፣ ለፋሲካ ተብሎ፣ ሰኔ ደረሰ፤
እኔ ወፍሬ ጠበቀኝ። ልክ እኮ አይቆምም፤ የሰው ገላ መች ታገሠ!

ሲነጋ ናሆም ጋ ደወልኩ። «ቆጠራውን ጫንልን፤ ቫቱንም አክል፤
ኩሽኔታ የትም ኩሽኔታ ነው፤ ከሰው ተለይቶ ምን ያህል!
ዱቤውን ግን ዝጋው።»
ኦብሳንም አስጠራሁ፦ «ትልቁን ተወው፤ አቅሜም አይችለው፤
አንዲት ገጽ ብቻ ሥራልኝ፣ ለሾፌሮቹ፤ ቀን የማትጠይቅ።
አሠራሩንም ጽፈህ ስጠኝ፤ ብትሄድ ሌላው እንዲያውቅ።»

«ቀን ካልጠየቀች፣ ምን ትጠይቅ?» አለኝ።
ጋሽ ሁንዴን አየሁት። እሱ ደብተሩን ያያል።
«‹በሰላም ገባ ወይ?› ትበል» አልኩ።

አርባ ሦስቱ ኩሽኔታ፣
እስከ ዛሬም አልተገኘም።