የድሬ ገጽ

«ድረ ገጽ ሥሪልን» አለኝ ቢሮው ጠርቶ፣
ውሉን አስፈርሞ፣ ማኅተሙን መትቶ፤
ክፍያው ለሰኔ ነው፣ በጀት ከተረፈ።
አርባ ፎቶ ላከ፣ አቧራው የረገፈ፦
ሰው የሌለው መንገድ፣ ጥርሷ ብቻ የሚታይ ልጅ፣
የማን ከተማ እንደሆነ ያልለየሁት ደጅ።
«ሰማያዊ አርጊው» አሉኝ አቶ መንበሩ፣ ከመጡ ሦስት ወራቸው፣
«ባሕር ባሕር ይሽተት፣ ይሳባል እንግዳ።»
ባሕር?
እኛ ያለን አሸዋ፣ የደቻቱ ሜዳ።

ዓመቱን ሙሉ ገበያ ነው፣ ኳስ ነው፣ የግመል መንገድ፤
ልጆች ጎል የሚሠሩበት በድንጋይና በገመድ።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ እዚህ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣
ወንዙ ይመጣል፣ በርና አልጋ ሰብስቦ።
ለእሱ አንድ ገጽ ተውኩ፣ የአሸዋ ቀለም ብቻ፣
ጽሑፍ የለው፣ ፎቶ የለው፣ ከዳርቻ እስከ ዳርቻ።
«ይሄ ባዶ ነው» አሉኝ።
ዝም አልኩ።
የእነዚነት ግቢ እዚያ ጋ ነበረ።

ሮብሌን ልቀርጸው ሄድኩ፣ ጣቢያው ጥግ፣ በአሥር ሰዓት ፀሐይ፤
ጡረታ ወጥቷል፣ የዴፖው ቁልፍ ግን ዛሬም ቀበቶው ላይ።
ፉርጎ ሲጠራ በፈረንሳይኛ፣
ሚስቱን ስልክ ላይ በሶማሊኛ፣
የጫት ዋጋ ሲከራከር በኦሮምኛ፣
እኔን ሲቆጣ (አቦ፣ ካሜራውን አንሺ!) በአማርኛ፤
አንዷን ወሬ ከአራት ፈትሎ አንድ ገመድ አደረጋት።
«ቋንቋ ይምረጡ» የምትል ቁልፍ ሠርቼ ነበር፤ አጠፋኋት።
ሮብሌ የቱን ይጫን?

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ሰዓቱ ነው።
ከስድስት እስከ ዘጠኝ ድሬን ማን አግኝቷት ያውቃል?
መጋላ ሱቁን ይከድናል፣ ከዚራ ዛፉ ሥር ይወድቃል፣
ባለ ባጃጁ እግሩን በጎን አውጥቶ ያንኮራፋል፣
ሙቀቱ ብቻ፣ እንደ ግብር ሰብሳቢ፣ ከበር ወደ በር ያልፋል።
ይህችን ከተማ «ቀኑን ሙሉ ክፍት ናት» ብዬ ልዋሽ?
አንዲት መስመር ኮድ ጨመርኩ፣ ማታ፣ ማንንም ሳላማክር፤
ልክ ስድስት ሲሆን መጋረጃው ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር
ይጨልምና፣ በፊደል ብቻ፦
«ተኝተናል አቦ። በዘጠኝ ተመለስ።»

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ፣ ስድስት ከሩብ፣ እኩለ ቀን፤
«ኧረ ልጄ፣ ድረ ገጹ ሞቶ አገኘነው፣ አዋረድሽን!»
«አልሞተም፣ አቶ መንበሩ። ይኸው ነው የድሬ ገጽ።»
ዝም አሉ።
ከዝምታው ውስጥ ቬንትሌተር ሲዞር ሰማሁ፣
ቀጥሎ የአልጋ ሽቦ ሲንቋቋ፤
ለካ እሳቸውም ጋደም ብለው ኖሯል የደወሉት።
«በዘጠኝ እንነጋገር» አሉ፣ ድምፃቸው ዝሎ።

ሰማያዊውን አልጣልኩትም፤ ለባጃጁ ሰጠሁት።
ክፍያው ለሰኔ ነው።
ገና ጥቅምት ነን።