ነጭ ሰማያዊ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣
ኩምሳ ክዳኑን አነሣው፣ ዲጂኖውን በደረቱ ታግሎ።
ወረድኩ። ውኃው የቦቲዬን አፍ ሊያልፍ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ፤
ባትሪዬን አበራሁ፤ ኬብሉ የለም፤ ጉቶው ብቻ ወደ እኔ ዘመመ።

አራት መቶ ጥንድ ነበር። አራት መቶ ቤት፣ ቢሮ፣ ሱቅ፣
አንዱ "ሃሎ" ሲል ሌላው ከሩቅ
"አቤት" የሚልበት።
ሠላሳ ሜትሩ ሄዷል፤ በኪሎ ተመዝኖ ሊሸጥ፣
ምናለሽ ተራ፣ እሳት ዳር፣ ላስቲኩ ተልጦ ሊቀልጥ።

"እጁ ይድረቅ!" ይላል ኩምሳ ከላይ፣ ሲጋራውን ሲለኩስ፣
"አንድ ኪሎ መዳብ ስንት ያወጣል? ለዚህ ብሎ ነው ሀገር የሚያፈርስ?"

እኔ ዝም አልኩ። ጎንበስ ብዬ የተቆረጠበትን አየሁ።
በሃያ ሁለት ዓመት ብዙ ቁርጥ አይቻለሁ፤ ብዙ ቀጥያለሁ።
የመጥረቢያ አውቃለሁ፤ ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥ፤
የኤክስካቫተር አውቃለሁ፤ እንደ ጅማት የሚመዠርጥ፤
የቸኮለ ልጅ አውቃለሁ፤ ሦስት ቦታ ሞክሮ፣ ጥሎ ሲሮጥ።
ይሄ ግን የልብስ ሰፊ እጅ ነው።
ልባሱ መጀመሪያ ዙሪያውን በስለት ተሸልቅቆ፣
ከዚያ መጋዙ፣ አንዴም ሳይንሸራተት፣ ልኩን ጠብቆ፤
ጉቶው ላይ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ውኃ እንዳይገባበት
ላስቲክ ተጠምጥሞበት፣ በድርብ ቋጠሮ ታስሮበት።

ሌባ ለተረፈው ያዝናል?

ይህን ቋጠሮ ሁለት ሰው ያውቃል። አንዷ እኔ ነኝ።
ሌላው ያስተማረኝ ነው፤ ጋሽ ወርዶፋ።
"እልፌ፣ ሽቦ እንደ ሰው ነው፤ ብርድ ላይ ራቁቱን አይጣልም" ይለኝ ነበር፣
"ነጭ ሰማያዊ፣ ነጭ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ" እያለ እንደ ፊደል ሲያስቆጥር።
ፋይበሩ ሲመጣ ሸኙት፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሡ፤
"የመስታወት ክር ለወጣት ዓይን ነው" አሉ፤ ከፎቶው በኋላ መታወቂያውን ነሡ።
ባለፈው መስቀል አየሁት፣ ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ሥር፤
ቁጥርህን ስጠኝ ስለው ሳቀ፤ "ቀፎውን ሸጥኩት፤ ለእግሬ መድኃኒት ነበር።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላል ሰው፤
ቆራጩን ግን እንዴት ባዳ ብዬ ልክሰሰው?

ኩምሳ አዲሱን ኬብል አወረደ። ጀመርኩ፤ አንዱን ካንዱ አጣምሬ፣
በሙከራ ስልኬ እያዳመጥኩ፣ ጉልበቴን ለውኃው አበድሬ።
ነጭ ሰማያዊ፦ ዝምታ። ነጭ ብርቱካን፦ ያንዱ ቢሮ ፋክስ።
ነጭ አረንጓዴው ግን ሲገናኝ ጮኸ፤ ገና እጄን ሳልመልስ።
"ሃሎ! እሳት አደጋ ነው?" የሴት ትንፋሽ፣ የተቆራረጠ፤
"ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስደውል... አሁንማ ተዉት። በባልዲ አጠፋነው፤
የተረፈውም ተረፈ፤ የቀለጠውም ቀለጠ።"
መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም።

ያን ጊዜ ቋጠሮውን ልፈታ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ፤
ጥሩ ቋጠሮ ነበር። በጥርሴ ነከስኩት፤ መረረኝ።
ኩምሳ ፎርሙን ዘረጋ፤ "ጥፋቱን የፈጸመው?"
"ያልታወቀ ሰው" አልኩ። ጻፈው።
ላስቲኩ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ያረጥበዋል።

ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻዎቹ ጥንዶች ቀሩ፤
ወደ ፈረሰው ሰፈር የሚሄዱ፤ ከነቁጥራቸው የሚኖሩ።
"ለማን ትቀጥያለሽ? እዚያ አሁን ሣርና መብራት ነው" አለ ኩምሳ።
ቀለም ካልዘለልኩ ይዛባል ብዬ አይደለም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።
ቀጠልኩ።
አንዱ ወዲያው ጠራ፤ ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ሰው፣ ያልሰማ፣ ያልተነገረው ያለ፤
ጠራ፣ ጠራ፤ ከቀጠልኩት ሁሉ የሱ ጥርት ያለ።
መስመሩ ደህና ነው።
የሚመታው ቤት ብቻ የለም።