ማሳሳት

ጀበል አኽደር አናት፣ ሳይቅ እርከን ላይ፣
ከባሕሩ ወበቅ ሽቅብ ተነጥሎ ብርድ ባለበት ሰማይ፣
ኮኩ ፈክቶ አደረ።
ቅርንጫፉ ጠፋ፣ አበባ ብቻ ቀረ።

ዓምና እኔና ዛሂር ነን በእጅ የለቀምነው፣
በየስንዝሩ ላይ አንድ ፍሬ የተውነው።
ዘንድሮ ሽማግሌው ጣቱ አልታዘዝ ቢለው፣
ልጁ ኸልፋን ወርዶ ከኒዝዋ ጀሪካን ገዝቶ መጣ፤
ድኝና ኖራ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የገማ እንቁላል ሽታ ወጣ።

«ከአራት እጅ ሦስቱ ሲፈካ ነው የሚረጨው፤
ቀድሞ የፈካውን፣ ንብ የጎበኘውን፣ መድኃኒቱ አይነካው።
ዘግይቶ የከፈተው እሱ ይቃጠላል፤
የተረፈው ደግሞ ቦታ አግኝቶ ይወፍራል።»

ሃያ ሊትር መርጫ እንደ ሕፃን አዘልኩ፣
አፍንጫዬን በሻሼ አሰርኩ፣
ገና ጎህ ሲቀድ ከዛፍ ዛፍ ተሻገርኩ።
ሸፊቁል ከፈለጁ ውኃ ይቀዳልኛል፣
«ቀስ በዪ ዙምራ» በተሰባበረ ዐረብኛ ይለኛል።

ማሳሳት ነው ስሙ በእኛ ቋንቋ ይሄ፤
ፍሬም ይሳሳል፣ ሰውም ይሳሳታል።
ሀርቡ እኛ ቤት ደላላው የመጣ ለት
ሻይ ጠጣ፣ አባቴን «ወንድሜ» አለ፣
አሳስቶን ሄደ።
አንዱን ከሌላው እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ስድስት ነበርን፣ ማሽላው ከሰኔ የማያሻግረን።
የመጀመሪያዋ እኔ፣ ቀድሜ የፈካሁ፤
በኸልፋን ሕግ ቢሆን ግንዱ ላይ በቀረሁ።
እኛ ቤት ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፤
ቀዳሚዋ ወድቃ ኋለኞቹ ቀሩ፣
እነሱም ወፈሩ።
ሐያት ኮምቦልቻ ነርስነት ትማራለች፣
ኑርዬ ባጃጅ ገዛ፣ ፍሬኑ ባይሠራም፣
የእናቴ ጣሪያም ቆርቆሮ ለበሰ።
የወደቀ አበባ ቅርንጫፉን ሲቀልብ
እዚህ ተራራ ላይ አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጫፍ ጫፉ ጠቆረ፣
እንደ ተጨመቀ ሻይ ቅጠል መሬቱን ሸፈነ።
ዛሂር በከዘራው እየነካካ አየው።
ምንም አላለም።
ጎንበስ ብሎ አንዷን አነሣ፣
ኪሱ ከተታት።

ከውኃ ጋኑ ጀርባ፣ ግንቡ ጥግ የቆመች
አንዲት ቀጭን ዛፍ አለች።
መርጫው እጄ ላይ እያለ ቆምኩ፣ አየኋት፣
ሳሳሁላትና አለፍኳት።

ሰኔ ላይ ኮኳ እንደ ጠጠር ደቃቅ፣
ሁለት ቅርንጫፏ በሸክም ተሰንጥቆ፣
ያም ሁሉ ፍሬ ሥጋው ከጥርስ የማይሞላ።

ኸልፋን ወገቡን ይዞ «ይህችን ማን ረሳት?» አለ።
«እኔ ነኝ» አልኩት።
«ተሳስቼ።»